ርሃብ ያላባረረው እንግዳ

ኅዳር ሲገባ የሰሜን አሜሪካ የእህል ሜዳዎች ባዶ ናቸው። ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ ጎተራ ገብቷል። መሬት ላይ የቀረው ቁመቱ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ የአገዳ ቅሪት፣ እዚህም እዚያም የተከመረ ድርቆሽ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ የሽቦ አጥርና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ መሬቱን ገና ሙሉ በሙሉ ባልሸፈነበት በዚህ ወቅት፣ በአንዳንድ ዓመት፣ ከማሳው መካከል አንድ ነጭ ነገር ተቀምጦ ይታያል። ለማያውቀው ሰው ነፋስ ያመጣው የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ሳይቀልጥ የቀረ የበረዶ ክምር ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ነጩ ነገር አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሁለት ቢጫ ዓይኖች ይመለከታል። የበረዶ ጉጉት ነው።

ይህ ወፍ ከየት መጣ? አንድ ዓመት በገፍ መጥቶ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ደብዛው የሚጠፋውስ ለምንድን ነው? ገበሬው፣ አዳኙ፣ ጋዜጠኛውና ምሁሩ ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ ርሃብ። በሰሜን የሚበላው ቢያጣ ጊዜ ተሰደደ፤ ከስቶና ደክሞ ከሰው ማሳ ላይ ወደቀ፤ የሚል ነው መልሱ። ታሪኩ አሳዛኝ ነው፤ ለመናገርም ለማመንም ይቀላል። ጉድለቱ ግን፣ በአብዛኛው እውነት ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ እንዴት እንደ ተወለደ፣ ለምን ረጅም ዕድሜ እንዳገኘና በምን እንደ ፈረሰ ይተርካል። (የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ክረምት ስንልም የእኛን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይሆን፣ ከኅዳር ጀምሮ የሚገባውን የሰሜኑን ቆፈን ማለታችን ነው።)

እንግዳውን እንወቀው

በእኛ አገር ጉጉት ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ጨለማ ነው። ድምፅዋ በሌሊት ከወደ ፍርስራሹ ሲሰማ «ምን ልታሰማን ይሆን?» የሚባልላት፣ ገደ ቢስ ተብላ የምትፈራ ወፍ ናት። የሰሜኑ ዘመዷ በዚህ ጠባዩ አይመስላትም። የሚኖረው ዛፍ በማይበቅልበት፣ ተንድራ ተብሎ በሚታወቀው የአርክቲክ ሜዳ ነው። በዚያ አገር በበጋ ወራት ፀሐይ ለሳምንታት ስለማትጠልቅ፣ ካልጨለመ አላድንም የሚል ጉጉት ጦሙን ያድራል። ስለዚህ የበረዶ ጉጉት ቀን በቀን ያድናል። ዛፍ ስለሌለም መቀመጫው መሬት ነው፤ ጎጆውም ቢሆን ከፍ ካለ ጉብታ ላይ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ የሚያበጃት ጎድጓዳ ናት።

ወፉ ግዙፍ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ትልቅ ሴት እስከ 3 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። እግሩ እስከ ጥፍሩ ድረስ በላባ የተሸፈነ ነው። እንደ ብዙዎቹ አዳኝ ወፎች ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ወንዱ ዕድሜው ሲገፋ ነጭ በነጭ ሊሆን ይችላል፤ ሴቷና የዓመቱ ጫጩቶች ግን ጥቁርና ቡናማ ሽንትር ይበዛባቸዋል። ይህ ልዩነት ታላቁን ሰው ሳይቀር አሳስቷል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ፍጥረትን በየስማቸው ሲመዘግብ፣ ነጩን አንድ ዝርያ፣ ሽንትር ያለበትን ሌላ ዝርያ አድርጎ በሁለት ስም ጻፋቸው። ባልና ሚስቱን ባዕድ ለባዕድ አደረጋቸው ማለት ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ የዚህ ወፍ የጽሑፍ ታሪክ ገና ከመነሻው ባዩት ብቻ በመፍረድ የተጀመረ ነው።

ስለ ምግቡ ጥቂት ካልተናገርን የሚቀጥለው ታሪክ አይገባንም። በተንድራው የጉጉቱ ቀለብ ሌሚንግ የምትባል፣ ጅራቷ አጭር፣ ድብልብል ያለች አይጥ መሰል እንስሳ ናት። አንድ ያደገ ጉጉት በቀን ከሦስት እስከ አምስት ሌሚንግ ይበላል፤ በዓመት ከ1,600 በላይ ሊፈጅ ይችላል። የሌሚንግ ብዛት ደግሞ ይዋዥቃል። በሦስትና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሜዳውን እስክትሞላ ትራባለች፤ ከዚያ ድንገት ትመናመናለች። ጉጉቱም ኑሮውን የሚመራው በዚህ ነው። ሌሚንግ በበዛበት በጋ ሴቷ እስከ 11 እንቁላል ትጥላለች፤ በጠፋበት በጋ ግን ጭራሽ አትጥልም። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዋሻ እስከ ጠመንጃ

ሰውና የበረዶ ጉጉት የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፒረኔ ተራሮች ግርጌ፣ በ1914 ሦስት ወንድማማቾች ባገኙትና «ሦስቱ ወንድማማቾች» በተባለው ዋሻ ውስጥ፣ ሁለት ጉጉቶች ከነጫጩታቸው ድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ብዙ ተመራማሪዎች የበረዶ ጉጉቶች ናቸው ይሏቸዋል። ሥዕሉ ከ10,000 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ያኔ አውሮፓ በበረዶ ዘመን ውስጥ ስለነበረች ፈረንሳይም የዛሬውን ተንድራ ትመስል ነበር። በዚያው አካባቢ የዘመኑ ሰዎች ይኖሩባቸው በነበሩ ዋሻዎች የዚህ ወፍ አጥንት በብዛት ተገኝቷል፤ ሰው ይበላው ነበር።

በአላስካ ጫፍም እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ባሮው በሚል የእንግሊዝ ስም ትጠራ የነበረችው ከተማ፣ በ2016 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው ኡትቂያግቪክ ወደሚለው የኢኑፒያት ስሟ ተመልሳለች። ከቦታው ነባር ስሞች ሌላው ደግሞ ኡክፒያግቪክ ነው፤ ነጭ ጉጉት የሚታደንበት ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ወፉ እንግዳ አልነበረም። የት እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚወፍር፣ መቼ እንደሚርቅ ያውቃሉ። እንግዳነቱ የሚጀምረው ወደ ደቡብ ሲወርድና ከገበሬው ማሳ ላይ ሲያርፍ ነው።

ማሳውን ለምን መረጠ? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አገሩን ስለሚመስለው። ጫካ ውስጥ ያደገ ወፍ ጫካ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ዛፍ ሳያይ ያደገ ወፍም ወለል ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የታጨደ ማሳ፣ የባሕር ዳር አሸዋና የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ለእሱ ሁሉም ተንድራ ናቸው። ማሳው ላይ ሌሚንግ ባይኖርም ከቃርሚያው የሚለቅም የሜዳ አይጥ ሞልቷል።

አሜሪካዊው የአእዋፍ ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን በ1830ዎቹ ስለዚህ ወፍ ጽፏል፤ ጥንድ አድርጎም ሥሎታል። በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ በሉዊቪል አካባቢ፣ ጉጉቱ ከዐለት ጉድጓድ አፋፍ ተጋድሞ ዓሣ ብቅ ሲል በእግሩ ላፍ እንደሚያደርግ ተመልክቷል። እንዲህ ተቀምጦ ያስተዋለ ሰው ግን ጥቂት ነበር። በዘመኑ ወፍን ማወቅ ማለት በጥይት ጥሎ እጅ ማስገባት ነበርና፣ ለጉጉቱም የተረፈው ይኸው ሆነ። መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ሰው ሲቀርበው ቶሎ የማይሸሽ ትልቅ ነጭ ወፍ ለጠመንጃ የተመቸ ዒላማ ነው። አካሉን ገፍፈው ጭድ ሞልተው የሚያቆሙ ባለሙያዎችም ለሳሎን ጌጥ በጥሩ ዋጋ ይፈልጉት ነበር።

የወፉ ዘመቻ የመጀመሪያው ሰፊ ቆጠራ የተሠራውም በእነዚሁ ሰዎች እጅ ካለፈው ሬሳ ነው። በሜይን ክፍለ ሀገር የቦውዶይን ኮሌጅ መምህር የነበሩት አልፍሬድ ግሮስ፣ በ1926 እና በ1927 መካከል ባለው ክረምት በርካታ ጉጉት በወረደ ጊዜ፣ ለአዳኞች፣ ለጭድ ሞይዎችና ለወፍ ወዳጆች እየጻፉ መረጃ ሰበሰቡ። ይህንኑ ሥራ ለሃያ ዓመት ቀጠሉበት። ከ1945 እስከ 1946 ባለው ክረምት በደረሳቸው ሪፖርት ከ13,000 በላይ ጉጉቶች ታይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ4,000 የሚበልጡት መገደላቸው ተመዝግቧል። በአንድ ክረምት ማለት ነው። በአሜሪካ ጉጉቶች በፌዴራል ሕግ የተጠበቁት ከ1972 ወዲህ ነው።

ሳያጣሩ ወሬ

የርሃቡ መልስ ሳይንሳዊ ልብስ የለበሰውም በዚሁ ዘመን ነው። የኦክስፎርዱ ቻርልስ ኤልተን የሃድሰን ቤይ ኩባንያን የአሮጌ ፀጉር ንግድ መዝገብ እያገላበጠ፣ የሰሜን እንስሳት በየጥቂት ዓመቱ እንደሚበዙና እንደሚያንሱ አሳየ። በ1942 ያሳተመው ስለ አይጦችና ሌሚንጎች የሚናገር መጽሐፍ በመስኩ መሠረት ሆነ። በ1945 ደግሞ አሜሪካዊው ቪክተር ሼልፎርድ፣ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር በቸርችል የተቆጠሩትን ሌሚንጎች ጉጉት ወደ ደቡብ ከወረደባቸው ዓመታት ጋር አስተያየ። ሌሚንግ ሲወድቅ ጉጉት ይሰደዳል የሚለው ሐሳብ በዚህ ጸና።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። የሌሚንግ ውጣ ውረድና የጉጉቱ ጉዞ እውነትም የተያያዙ ናቸው። ችግሩ የመሐሉ ማብራሪያ ላይ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ያየው ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ወፍ ነበር፤ ስለዚህ «ደክሟል» አለ። ወፉ ግን በአገሩም ቢሆን ቀኑን የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። አዳኙ ሲቀርበው አልሸሸም፤ ስለዚህ «አቅም አጥቷል» አለ። ወፉ ግን ሰው ብርቅ ከሆነበት ምድር የመጣ ወጣት ነው፤ ሰው መሸሽን ማን አስተማረው? ከመንገድ ዳር ሞቶ ሲገኝ ደግሞ «ርሃብ ገደለው» ተባለ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል። እዚህ ግን መግደሉ ነበረ፤ የጎደለው ማጣራቱ ነው።

ማጣሪያው የመጣው ከዚያው ከእርሻው ነው። የካናዳዋ አልበርታ ሰፊ የእህል አገር ናት። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮስ ላይንና ባልደረቦቻቸው በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ላይ ጉጉቶቹን ክረምት ከክረምት ይከታተሉ ነበር። በ1982 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ሴቶቹ ጉጉቶች ማሳውን እንደ ርስት ተካፍለውታል። አንዷ ከ150 እስከ 450 ሄክታር የሚሆን መሬት ይዛ፣ ሌላዋን እያባረረች፣ ለሳምንታት ትቆይበታለች። መንገድ ላይ የወደቀ ርሃብተኛ ርስት አይዝም፤ ድንበርም አይጠብቅም።

በ1988 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ግልጽ ነው። ከአልበርታ የተሰበሰቡ 71 የሞቱ ጉጉቶች ተከፍተው ተመረመሩ። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑትን የገደላቸው ግጭትና ቁስል ነበር፤ መኪና፣ ሽቦ፣ ምሰሶ፣ ጥይት። በርሃብ የሞቱት 14 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ከቆዳቸው ሥር ደህና ስብ ነበራቸው። ሆዳቸው ሞልቶ የሞቱ ወፎችን ነበር ዓለም «ርሃብ ገደላቸው» ሲል የኖረው። መንስኤው ርሃብ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂ የለም፤ መኪናውም፣ ሽቦውም፣ ጠመንጃውም ነጻ ይወጣሉ። የተሳሳተ መልስ ዕድሜው የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ለተናጋሪው ስለሚመቸው ነው።

የጥጋብ ልጆች

የርሃብን መልስ ለብዙኃኑ ያፈረሰው ግን የ2013 ክረምት ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ የበረዶ ጉጉቶች በምሥራቅ ካናዳና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ማሳዎችና የባሕር ዳርቻዎች ላይ እንደ ጎርፍ ወረዱ። ከዚያም አልፈው በረዶ በማያውቃት ፍሎሪዳና በአትላንቲክ መሐል ባለችው ቤርሙዳ ሳይቀር ታዩ። ጋዜጦች እንደ ልማዳቸው ስለ ርሃብ ጻፉ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በበጋው፣ በሰሜን ኩቤክ አንድ ጎጆ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። ጫጩቶቹ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸውን ለኋላ ቀለብ የተከመሩ 70 ያህል ሌሚንጎች እንደ አጥር ከበዋቸዋል። ይህ የርሃብ ቤት አይመስልም።

ፍቺው እዚህ ላይ ነው። ቀደም ሲል በልብ ይያዝ ያልነውን እናስታውስ፤ ሌሚንግ ሲበዛ እንቁላል ይበዛል። በጥጋብ ዓመት አንድ ጎጆ ሰባትና ስምንት ጫጩት ሊያሳድግ ይችላል። በጋው ሲያልቅ እነዚህ ሁሉ ወጣቶች በአንድ ጊዜ መኖሪያ ይፈልጋሉ፤ ነባሮቹ ቦታውን ይዘውታል። ወጣቶቹ ወደ ደቡብ ይፈሳሉ። የታጨደው ማሳ ላይ የሚቀመጠው ነጭ እንግዳ እንግዲህ በአብዛኛው ርሃብ ያባረረው ሽማግሌ ሳይሆን፣ ጥጋብ የወለደው ጎረምሳ ነው።

ይህን በሚዛንና በቁጥር የሚያረጋግጥ ሥራ ተከትሎ መጣ። በኩቤክ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በክረምት ብዙ ጉጉት ወደ ደቡብ የሚወርደው በተንድራው ሌሚንግ በዝቶ የመራቢያው ወቅት ከሰመረ በኋላ መሆኑን አሳዩ። በ2018 ደግሞ በጎርፍ ዓመታት ወደ ደቡብ የወረዱ ጉጉቶች ክብደትና ስብ ተመርምሮ፣ እየተራቡ እንዳልሆነ ተገለጸ። በእርግጥ የሚራቡ የሉም ማለት አይደለም። የዓመት ልጅ አደን ገና እየለመደ ነው፤ የማይሳካለት ይሞታል። ይህ ግን በየትኛውም አዳኝ ወፍ ዘንድ ያለ ነው፤ ጉዞውን ያስነሣው እሱ አይደለም።

በዚያው ክረምት የሰውም ጠባይ ተፈትኗል። በታኅሣሥ 2013 በኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ጉጉቶች ለአውሮፕላን ያሰጋሉ ተብለው በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡ ጮኸ። የማረፊያው አስተዳደርም በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለውጦ ወፎቹን አጥምዶ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርን መረጠ። አዲስ ዘዴ አልነበረም። በቦስተን ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ኖርማን ስሚዝ የሚባል ሰው ከ1981 ጀምሮ ጉጉት እያጠመደ፣ መዝኖ፣ ቀለበት አስሮ፣ ራቅ ካለ ስፍራ ሲለቅ ኖሯል። ከ900 በላይ ወፎች በእጁ አልፈዋል። እሱም ለዓመታት ይናገር የነበረው፣ የሚይዛቸው አብዛኞቹ ወፎች ጤነኞችና የጠገቡ መሆናቸውን ነው።

በዚያው ታኅሣሥ ስሚዝና ጸሐፊው ስኮት ዋይደንሶልን ጨምሮ ጥቂት ሰዎች «ፕሮጀክት ስኖውስቶርም» የተባለውን የክትትል ሥራ ጀመሩ። በጉጉቱ ጀርባ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል። መሣሪያው ወፉ ያለበትን ቦታ እየመዘገበ በሞባይል ስልክ መረብ ይልካል። ወፉ ስልክ ወደሌለበት ሰሜን ሲመለስ መረጃውን አጠራቅሞ ይይዝና፣ ምናልባት ከዓመት በኋላ ዳግም ወደ ደቡብ ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይዘረግፈዋል። እስካሁን ከ100 በላይ ጉጉቶች እንዲህ ተከትለዋቸዋል። ሟቹን ብቻ ሲቆጥር የኖረ ጥናት፣ በመጨረሻ ሕያዋኑን መስማት ጀመረ።

ሁለተኛው ግምት

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ርሃብ ሳይሆን ጥጋብ ከሆነ፣ እንግዲህ ወፉ በደህና አለ ብሎ መተኛት ይቻላል። ይህ ደግሞ ሁለተኛው ስሕተት ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ያሉት የበረዶ ጉጉቶች ወደ 300,000 እንደሚጠጉ ይገመት ነበር። ግምቱ የተሠራው ጉጉት በበዛበት ስፍራ የተገኘውን ቁጥር በሰፊው ተንድራ ላይ በማባዛት ነው። ነገር ግን ከባይሎት ደሴት ተነሥተው በሳተላይት የተከተሏቸው ሴት ጉጉቶች ሌላ ነገር አሳዩ። አንዷ ዘንድሮ ጎጆ በሠራችበትና በሚቀጥለው ዓመት በምትሠራበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 725 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሚንግ ወዳለበት ትሄዳለች እንጂ ቤት የላትም። እንግዲህ ዛሬ እዚህ የተቆጠረችው፣ ከዓመት በኋላ እዚያ የተቆጠረችው ያቺው ናት። ስሌቱ ሲስተካከል ቁጥሩ ወደ 28,000 ወረደ፤ ከቀድሞው ግምት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2017 ወፉን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት መዝገብ ውስጥ አስገባው። በ2024 የታተመ ሰፊ ግምገማም የሚራቡት ጉጉቶች ቁጥር ከ14,000 እስከ 28,000 እንደሚሆንና ባለፉት ሦስት ትውልዶች ውስጥ ከ30 ከመቶ በላይ እንደቀነሰ ገልጿል። ከአስጊዎቹ ምክንያቶች አንዱ የሚጀምረው ከሌሚንጓ ነው። ሌሚንግ ክረምቱን የምታሳልፈው ከወፍራም ደረቅ በረዶ ሥር ነው። ክረምቱ ሞቆ በረዶው ላይ ዝናብ ሲወርድና መልሶ ሲረጋ፣ መሬቱ በጠጣር ብርድ ንጣፍ ይዘጋና መኖ ታጣለች። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ከ2000 ገደማ ጀምሮ የሌሚንግ የመብዛት ዑደት ተቋረጠ። በዚያ አካባቢ የሚያድጉት የጉጉት ጫጩቶች ቁጥር 98 ከመቶ ወደቀ።

ሁለቱን ስሕተቶች ጎን ለጎን ብናያቸው ምንጫቸው አንድ ነው። የፊተኛው ሰው ማሳው ላይ የወደቀውን አይቶ ሰሜኑ ተራበ አለ። የኋለኛው ሰው የበዛበትን ቦታ አይቶ ሰሜኑ ሞልቷል አለ። ሁለቱም ዓይናቸው የደረሰበትን ቁራጭ መላው ዓለም አድርገው ወሰዱት። ማሳው ላይ ጉጉት የሚበዛበት ዓመት ከሰሜን የመጣ የምሥራች ነው፤ ባለፈው በጋ አንድ ቦታ ላይ ጫጩት አድጓል ማለት ነው። ሊያሳስበን የሚገባው በምሥራቾቹ መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ መሄድ አለመሄዱ ነው።

ማሳው ዳር ለሚቆም ሰው

በካልጋሪ፣ በኤድመንተን፣ በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ወፍ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልጋቸውም፤ ከከተማ ወጥቶ በእርሻ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ መንዳት ሊበቃ ይችላል። የመጀመሪያው የክረምት ወር ይመረጣል። ወጣቶቹ ያኔ ደርሰው ቦታ እየያዙ ነው፤ በረዶውም ገና መሬቱን አላለበሰም፤ ነጩ ወፍ ከቡናማው ማሳ ላይ ጎልቶ ይታያል። በረዶው ከደረበ በኋላ ፍለጋው በወተት ውስጥ ጥጥ የመፈለግ ያህል ነው። ንጋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያለው ጊዜ ይሻላል። ከፍ ያለውን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል፤ የአጥር ቋሚ፣ የድርቆሽ ክምር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የጎተራ ጣራ። ከዚያም ዓይንን ዝቅ አድርጎ በማሳው ላይ ጉብ ያለውን ነገር ሁሉ በርቀት መነጽር መመርመር ነው። በጽሕፈት የወፉ ስምና የመጓጓት ስም አንድ ዓይነት መሆኑ የአማርኛ ጨዋታ ነው፤ ጉጉት ለማየት የሚያስፈልገው ጉጉት ግን ትዕግሥት ካልታከለበት ዋጋ የለውም።

ከመኪና አለመውረድ ይመከራል። ወፉ መኪና ብዙም አይፈራም፤ በእግሩ የሚመጣ ሰው ግን ያስነሣዋል። አንገቱን ደጋግሞ ካዞረ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ቀርበነዋልና ማፈግፈግ ነው። በከንቱ የተነሣ ወፍ ለቆፈኑ የያዘውን ስብ ያቃጥላል፤ ደንግጦም ወደ መንገድና ወደ ሽቦ ይበራል፤ ከአልበርታ የተሰበሰቡት ሬሳዎች ምን እንደ ገደላቸው አይተናል። ፎቶ ለማንሣት ሲሉ የቤት አይጥ የሚጥሉለት አሉ፤ ይህ ወፉን ሰውንና መኪናን እንዲለምድ ያደርገዋል፤ ከጥይት የሚለየው በመዘግየቱ ነው። ማሳው የሰው ንብረት ስለሆነም ሳያስፈቅዱ መግባት አይገባም። ገበሬውም ቢሆን የሚያደርገው አለ፤ ጉጉቱ የሜዳ አይጡን ያለ ደመወዝ እየለቀመለት፣ እሱ በአይጥ መርዝ ውለታውን መመለስ የለበትም። ከሞቱት ጉጉቶች አካል ውስጥ የመርዝ ቅሪት ተገኝቷል።

ሰው ደጁ ላይ የቆመ እንግዳ ባየ ቁጥር ምን እንዳመጣው ለመናገር ይቸኩላል። እንግዳው ዝም ካለ ደግሞ ታሪኩን ራሱ ይጽፍለታል። የበረዶ ጉጉት በዚህ መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ የርሃብተኛ ታሪክ ሲጻፍለት ኖሯል፤ ጻፉለት እንጂ አልጠየቁትም። አሁን የሚጠይቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚመልሱላቸው ጉጉቶችም ከታሰበው በጣም ያነሱ ናቸው። ቆጠራው ግን በዚህ ኅዳርም፣ በሚመጣውም ኅዳር ይቀጥላል።